ከመሐላው በኋላ ያለው ማክሰኞ

መጠጥ መተው በእኛ አገር መሐላ ነው። ሰውየው ለታቦት ይሳላል፤ ወይም የንስሐ አባቱ ይገዝቱታል፤ ወይም በልጆቹ ስም ይምላል፤ ካልሆነም ጠበል ገብቶ ሁለት ሱባኤ ቆይቶ ይወጣል። እናት ሻማ ታበራለች፣ ሚስት ለጎረቤት ትናገራለች፣ ቤቱ ለጥቂት ቀናት የደስታ ቤት ይሆናል። እንዲህ ያለው መሐላ ያቆማቸው ሰዎች አሉ፤ ልንቀው አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ከመሐላው ቀጥሎ የሚመጣው ማክሰኞ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ደርሷል፣ እግር የለመደውን መንገድ ያውቃል፣ ስልክ ላይ የተመዘገበው ሁሉ የመጠጥ ባልንጀራ ነው። ሰውየው የሚፈራው ታቦት አለው፤ በዚያች ሰዓት ደውሎ "መጠጥ ቤት ልገባ ነው" የሚለው ሰው ግን የለውም።

ለዚህ ማክሰኞ የሚሆን መላ በብዙ አገር ተሞክሯል። ዕድሜ ያገኘውና ከአገር አገር የተሻገረው ግን እጅግ ቀላሉ ነው፦ ጠጪ የነበሩ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ መጠጣቸው ይነጋገራሉ። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው "እንዲህ ያለ ቡድን በሰፈሬ አካባቢ የት አገኛለሁ?" የሚለውን ጥያቄ ነው። ሲሰሙት የአድራሻ ጥያቄ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ስለ ሰፈር፣ ስለ ስምና ስለ ማኅበር ያለንን ልማድ ሁሉ ይነካካል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ እንይ፤ አጀማመሩ ብዙ ይነግረናልና። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1935፣ ቅዳሜ ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ አክረን በምትባል የጎማ ፋብሪካዎች ከተማ ሜይፍላወር ሆቴል አርፏል። ለአንድ ኩባንያ ቁጥጥር በተደረገ የባለአክሲዮኖች ሽኩቻ ተሸንፏል፤ ባልደረቦቹ ጥለውት ሄደዋል፤ ኪሱ ውስጥ አሥር ዶላር ገደማ ቀርታለች። መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው። ከሆቴሉ አዳራሽ በአንዱ በኩል ባሩ እየሞቀ ነው፤ በሌላው በኩል የሕዝብ ስልክ አለ፣ አጠገቡም የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር።

ዊልሰን ወደ ስልኩ ሄደ። ደውሎ የጠየቀው ነገር እንግዳ ነበር። ጸሎት አልጠየቀም፣ ሐኪም አልጠየቀም፤ የሚያነጋግረው አንድ ሌላ ሰካራም ፈልጉልኝ አለ። ያገኛቸው ቄስ ስሞች ሰጡት፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየደወለ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የምትባል ሴት ጋ ደረሰ። እሷ ደግሞ ሱሱ ሥራውን ሊያሳጣው የደረሰ ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ታውቃለች። በዚያ ቅዳሜ ሐኪሙ ጠጥቶ ወድቆ ስለነበር ቀጠሮው ለእሑድ ሆነ። እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ከሩብ ሰዓት በላይ እንደማይቆይ አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። ከዊልሰን ጋር የተለያዩት ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፎ ነው።

ዊልሰን ያን ምሽት አልሰበከም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ኒውዮርክ ውስጥ ያገኘውን ጠጪ ሁሉ ሲሰብክ ከርሞ አንድም ሰው አላቆመለትም። ያከመው ሐኪም ዊልያም ሲልክዎርዝ ስብከቱን ትቶ ስለ በሽታው እንዲናገር መክሮታል። ሚስቱ ሎይስ ደግሞ እሱ ያላስተዋለውን አሳየችው፤ እነዚያ ሁሉ ባይተዉም በመካከሉ እሱ ራሱ አልጠጣም ነበር። ስለዚህ ለሐኪሙ የነገረው የራሱን ታሪክ ነው፤ እንዴት እንደጀመረ፣ የት የት እንደደበቀ፣ ስንቱን እንዳታለለ። ስሚዝ ከካህናትም ከመጻሕፍትም ብዙ ሰምቷል። መጠጥን እሱ በሚያውቀው መንገድ ከሚያውቅ ሰው አፍ ግን ሰምቶ አያውቅም።

በዚያ ምሽት ተአምር አልተፈጠረም። ስሚዝ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ አትላንቲክ ሲቲ ለሐኪሞች ጉባኤ ሄዶ ጠጥቶ ተመለሰ። ጁን 10 ቀን ጠዋት ቀዶ ሕክምና ነበረበት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እጁን እንዲያረጋለት አንድ ቢራ ያቀበለው ራሱ ዊልሰን ነው። የስሚዝ የመጨረሻ መጠጥ ያች ሆነች፤ ዛሬ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበርም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው። ልደቱን ከአንድ ጠርሙስ ቢራ የሚቆጥር የመጠጥ አቋሚዎች ማኅበር ሌላ የሚኖር አይመስለኝም፤ ለዚህም ይመስላል ማኅበሩ እስከ ዛሬ በወደቀ ሰው ላይ ጣት የማይቀስረው። የማኅበሩን መንገድ የሚያሳዩትን አሥራ ሁለቱን ደረጃዎች የያዘው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1939 ታተመ። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ከ120 ሺህ በላይ ቡድኖች አሉት። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ከውጭ ገንዘብ አይቀበልም፣ ለቡናውና ለክፍሉ ኪራይ አባላቱ ያዋጣሉ።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የተናገርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስልኩን ያነሳው ሰው ሊረዳ ሳይሆን ሊተርፍ ነበር የደወለው። እኛ ስለ እርዳታ ስናስብ ሰጪና ተቀባይ፣ መካሪና ተመካሪ ይታየናል። በእንዲህ ያለው ክፍል ውስጥ ግን ዛሬ እየተንቀጠቀጠ የገባው አዲስ ሰው፣ አሥር ዓመት ሳይጠጣ ለቆየው ሰውም መድኃኒት ነው። ሸክም ነኝ ብሎ የሚያፍር ጠጪ ይህን ቢያውቅ በሩን ለማንኳኳት የሚቀለው ይመስለኛል።

ይሠራል ወይ? ለረጅም ጊዜ "የእምነት ነገር ነው፣ አይለካም" ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን በተባለው የሕክምና ማስረጃ መዛኝ ድርጅት በኩል የወጣ ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን አይቷል። ሕሙማንን አደራጅቶ ወደ እነዚህ ስብሰባዎች የሚመራ ሕክምና ካገኙት ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ጨርሶ የማይጠጡት 42 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች 35 በመቶ ያህል ነበሩ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር አይደለም። ነገር ግን በነፃ የሚገኝ፣ በሳምንት ሰባት ቀን የሚሠራና ሐኪም የማይጠይቅ ነገር ከሠለጠነ ባለሙያ ሥራ እኩል ወይም ከዚያ ትንሽ ሻል ብሎ መገኘቱ፣ ለአንድ ድሃ አገር ጤና ጥበቃ ቀላል ወሬ አይደለም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ አንድ ዓመት ሳይጠጡ አልዘለቁም፤ ይህንንም ደብቆ "ና፣ ትድናለህ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አረቄ ቤት ጎራ ያለ ሰው ያየዋል፤ ደንበኛው የመጀመሪያዋን መለኪያ በአንድ እጁ አያነሳም። በሁለት እጁ ይይዛታል፣ ወይም ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ እሷ ያስጠጋል። ሁለተኛዋን ግን በአንድ እጁ አንስቶ ይጨልጣታል። ይህ ሰው ነገ በመሐላ ድርግም አድርጎ ቢተው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ ነገር ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ያልታከመ ሰው ከዚህ ላይነሳ ይችላል። ጠበል ቦታ ሆኖ ይህ ሲደርስበት "ጋኔኑ ለፈለፈ" ይባልና ሐኪም ሳያየው ይቀራል። ዲያዜፓምን የመሳሰሉ መድኃኒቶችና ቫይታሚን ቢ አንድ በሐኪም ክትትል ሲሰጡ ይህን ወቅት በደህና ያሻግራሉ። ጠበሉ ይቆየው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን የሐኪም ነው። የቡድኑ ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የትኛውም ጥሩ ቡድን ይህን ራሱ ይነግራችኋል።

ወደ ሰፈር ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር የሚያውቀው ነገርና የማያውቀው ነገር አለ። የጠጪ አባወራ ስካር ምስጢር አይደለም፤ ማታ የሚገባበትን ሰዓት የጥበቃው ሰው ያውቃል፣ ዱቤውን ባለሱቁ ያውቃል። ሰፈሩ የማያውቀው መተው መፈለጉን ነው። ይህን የሚደብቀው ደግሞ ተው ብሎ ከወደቀ "አልን እኮ!" የሚሉትን ስለሚያውቃቸው ነው። ሰካራም መባሉን ለምዶታል፤ ሞክሮ አቃተው መባል ግን አዲስ ውርደት ነው። አራት ኪሎ የሚኖር እንዲህ ያለ ሰው ስብሰባው ሳሪስ ቢሆንለት ይመርጣል፤ ሁለት ታክሲ መቀየሩን እንደ ወጪ አይቆጥረውም። ከቤቱ ደጃፍ አጠገብ የተከፈተ ቡድን ለእሱ የተዘጋ በር ነው።

የሴቷ ነገር የተገለበጠ ነው። የሷ ምስጢር መጠጣቷ ራሱ ነው። የምትጠጣው ከቁም ሳጥኑ ልብስ ሥር አውጥታ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት ነው። ወንዶች በሞሉበት ክፍል ገብታ "እኔ ጠጪ ነኝ" ማለት ባሏንም ልጆቿንም ሥራዋንም የምታስይዝበት ቁማር ነው፤ ለዚህም ነው በሌላው ዓለም የሴቶች ብቻ ስብሰባዎች የተፈጠሩት። ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ልጆች የምታሳድግ ሴት ደግሞ የባሰባት ናት። የጠላውን መድረስ የምታውቀው ቀምሳ ነው፤ የአረቄውንም ብርታት እንዲሁ። ለሷ "ከመጠጥ ራቂ" ማለት ከእንጀራሽ ራቂ ማለት ነው። ስለ እሷ የሚያስብ ቡድን ንግግር ብቻውን አይበቃውም፤ ሌላ መተዳደሪያ አብሮ ማሰብ አለበት።

"እኛ ኢትዮጵያውያን እኮ ማኅበር ሞልቶናል" ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሞልቶናል። እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር አለን። ሰው በየወሩ በባለተራው ቤት እየተሰበሰበ፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት። ነገር ግን የጽዋ ማኅበሩ ጽዋ ውስጥ ያለው ጠላ ነው። አንዳንዱ እቁብ የሚጣለው መጠጥ ቤት ነው። ክርስትናው፣ ሰርጉ፣ ተዝካሩ ሁሉ ላይ አስተናጋጇ ቆማ "በሞቴ!" ትላለች፤ እምቢ ያለ ሰው ኮርቷል ወይም ታሟል። ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥበት አንድ የተከበረ ሰበብ አለ፦ "መድኃኒት ጀምሬያለሁ።" ስንት ሰው በዚህች ሐሰት ሰርግ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። መተው የሚፈልግ ሰው እንግዲህ የሚያጣው ብርጭቆውን ብቻ መስሎት ይጀምርና ማኅበርተኞቹን ጭምር ያጣል። ጠላው በብርዝ የተቀየረበት ማኅበር ካለ አባላቱን አመሰግናለሁ።

ሕጉ የሚችለውን ሞክሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ሰሌዳ አወረደ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት እንዳይሸጥም ከለከለ። ማስታወቂያው ወረደ። "በሞቴ" ግን በአዋጅ አይወርድም።

የአክረኑን ዓይነት ቡድን እንዳለ አምጥቶ መትከል ይሻላል ወይስ የራስን ማበጀት? ጃፓኖች ይህ ጥያቄ ቀድሞ ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረው ዳንሹካይ የሚባለው ማኅበራቸው ከአሜሪካው ብዙ ተምሮ ሦስት ነገር ቀየረ፤ አሜሪካኖቹ ስማቸውን ይደብቃሉ፣ የእነሱ አባላት ግን አይደብቁም፤ የአባልነት መዋጮ ይከፍላሉ፤ ከሁሉም በላይ ሚስት፣ ባል፣ ወላጅ አብሮ ይቀመጣል። ሚስት በሁሉም ፊት "ያኔ እንዲህ አድርገኸኝ ነበር" ትላለች፣ እሱ ይሰማል። አሜሪካኖቹ ለቤተሰብ የተለየ ማኅበር ነው ያቋቋሙት፤ ሎይስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ካቋቋሙት አንዷ ናት። እንደኔ ግምት ለእኛ የሚሆነው በመካከል ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስም መደበቅ ግድ ነው፤ "አልን እኮ" የሚለው ሰፈር እስካለ ድረስ። ሆኖም ሚስትና እናት ጨርሶ ያልገቡበት መተው ቤት ውስጥ መሠረት አይኖረውም፤ ማክሰኞ ማታ በር የምትከፍተው እሷ ናትና።

ስም መደበቅና ስም መግለጥን በተመለከተ የራሳችን ትምህርት አለን፤ ለምን እንደማንጠቅሰው አይገባኝም። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኤች አይ ቪ አለበት የተባለ ሰው ከቤት በሚባረርበት ዘመን፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው ተሰባስበው ተስፋ ጎህንና መቅድምን አቋቋሙ። መጀመሪያ ጥቂቶች በዝግ ተገናኙ፤ ከዚያ ደፋሮቹ ፊታቸውን ለሕዝብ አሳዩ። በየቀበሌው ቡና እየተፈላ የሚደረግ ውይይት የመጣው በኋላ ነው። ይህን ያደረገ አገር "እኛ ጋ ሰው ገመናውን በአደባባይ አያወራም" ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። መጠጥ ግን እንደ ቫይረሱ አላስደነገጠንም፤ ቀስ ብሎ ስለሚገድል ይሆናል።

ዛሬ የሚፈልግ ሰው ታዲያ ከየት ይጀምር? አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለውን ሌላ ሆስፒታል ቢያነጋግር ሁለት ነገር ያገኛል፤ ያችን አደገኛ የመጀመሪያ ሳምንት የሚያሻግረው ሕክምና፣ እንዲሁም "ታክመው የወጡ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ?" ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነው ዋናው፤ ሳይጠይቁት የሚነግር ሐኪም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች በዝተዋል፤ ካሜራ አጥፍቶ፣ ስም ቀይሮ፣ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይቻላል። ለክፍለ አገር ሰው ለጊዜው ከዚህ የተሻለ አላይም።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያለው ወገናችን ችግሩ ሌላ ነው። ስብሰባው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ሐበሻ የማያገኝበትን መርጦ ይገባል፣ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል። ስለ ሥራው፣ ስለ መንጃ ፈቃዱ መነጠቅ በእንግሊዝኛ መናገር አያቅተውም። እናቱ ስትቀበር አገር ቤት አለመድረሱን ሊናገር ሲል ግን ቃሉ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሰው እዚያው እየሄደ በጎን በአማርኛ የሚያወራው አንድ ሰው ቢፈልግ ደግ ነው።

ቡድን የተባለ ሁሉ ደግሞ ቡድን አይደለም። የመግቢያ ብር የሚጠይቅ፣ በሃያ አንድ ቀን እፈውስሃለሁ የሚል፣ የሐኪም መድኃኒትህን ጣል የሚል፣ ምስክርነትህን ቀርጾ የሚያሰራጭ ካጋጠመ ተነስቶ መውጣት ነው። ጥሩው ቡድን አሰልቺ ነው። ሰዎች በየተራ ያወራሉ፣ ማንም አያቋርጥም፣ ማንም አይመክርም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል። በመጀመሪያው ቀን መናገር ግዴታ አይደለም። አንዱን አይቶ "አልሆነኝም" ያለ ሰው ሌላ ሁለት ሦስት ቢያይ ጥሩ ነው፤ ቡድንና ቡድን እንደ ቤትና ቤት ይለያያል።

ቡድን የሌለበት ሰፈርስ? ሁለት ሰው ካለ ይጀመራል። ክፍል እንደሆነ በየሰፈሩ አለ፦ ቅዳሜና እሑድ ካልሆነ የማይከፈት የእድር ቤት፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሮ። የእድሩ ሊቀመንበር የአባላት ዝርዝር አምጡ፣ ገንዘብ ያዣችሁ ማን ነው፣ መዋጮው ስንት ነው ማለታቸው አይቀርም። "ጋሼ፣ ዝርዝር የለንም፤ ገንዘብ ያዥም የለንም" ሲባሉ ይደነግጣሉ፤ አርባ ዓመት በመዝገብ የሠሩ ሰው ናቸው። "ታዲያ ቁልፉን በማን ስም ላስፈርም?" ይላሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መፍትሔው የመጠጥ ችግር የሌለበት፣ ሰፈሩ የሚያምነው አንድ ወዳጅ እንዲፈርም ማድረግ ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢሆኑ ሊቀመንበሩ አይከራከሩም። ቀኑ ቢቻል ማክሰኞ ይሁን፣ ሰዓቱም ከሥራ መውጫ ጋር ይግጠም።